የብሎኑ ጥርስ ከተበላ በኋላ

አንባቢ ሆይ፣ ለጥቂት ደቂቃ ራስዎን በዋጫ ከተማ እንዳሉ አድርገው ይቍጠሩ። ዋጫ በካፋ ዞን የጨና ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። እርስዎም በቅርቡ ከወረዳው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የተመደቡ ሠራተኛ፣ ወይም ከከተማው ዳር ቤት ተከራይተው የሚማሩ ተማሪ ነዎት እንበል። ከንብረትዎ ሁሉ የምትበልጠው ከሰው እጅ የገዟት ብስክሌት ናት። ጧት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት የምታደርስዎ፣ የመጓጓዣ ገንዘብዎንም ለቀለብ የምታተርፍልዎ እርስዋ ናት።

አንድ ሰኞ ጧት ዳገቱን ሲወጡ የግራው ፔዳል ከእግርዎ ሥር ተነቅሎ ይወድቃል። አንሥተው ሊመልሱት ቢሞክሩ አልይዝ ይላል፤ የተሰካበት ቀዳዳ ጥርሱ ተበልቷል። እንግዲህ ፔዳሉን የሚሸከመው ክንድ መለወጥ አለበት ማለት ነው። ማታ ከጎረቤት የክንድ ማውጫ ተውሰው ሥራ ይጀምራሉ። ጥቂት ካዞሩ በኋላ መሣሪያው በድንገት ላላ ብሎ በእጅዎ ይቀራል፤ በጫፉም ላይ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቅርፊት እንደ ክር ተጠምጥሞ ይታያል። ሁለተኛውም ጥርስ ተበላ። አሁን ክንዱ አያስኬድም፤ አይወጣምም።

በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው የሚያነሣው መዶሻ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ያ መዶሻ ከመነሣቱ በፊት እንዲደርስልዎ ነው። እስካሁን የጠፋው አንድ ክንድ ብቻ ነውና። መዶሻው ግን ክንዱ የተሰካበትን ፔርኖ፣ ፔርኖው የሚዞርበትን ኩሽኔታና የብስክሌቲቱን ዋና አካል፣ ቴላዮውን፣ ሊያበላሽ ይችላል። ክንድ በሌላ ክንድ ይተካል፤ ቴላዮው የተጣመመ ብስክሌት ግን የቆራሌው ነው።

ፔዳል ግራና ቀኝ አለው

አስቀድመን ፔዳሉ ለምን እንደ ወደቀ እንመልከት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ጥፋት ነገም ይደገማልና።

የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሲያዞሩት ይጠብቃል። የግራው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ሲያዞሩት ይላላል፣ በተቃራኒው ሲያዞሩት ይጠብቃል። ይህ የሠሪው ስሕተት አይደለም። ሰው ፔዳሉን እየረገጠ ሲሄድ ጫናው በፔዳሉ ፔርኖ ዙሪያ ቦታውን ይለዋውጣል። ስለዚህ ፔርኖው በቀዳዳው ውስጥ በዓይን በማይታይ መጠን እየተንከባለለ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። የግራው ጥርስ እንደ ቀኙ ቢቆረጥ ኖሮ፣ ጋላቢው በረገጠ ቍጥር የገዛ ፔዳሉን በእግሩ እየፈታ በሄደ ነበር።

ይህን ችግር ካስተዋሉት ሰዎች መካከል ስማቸው በሌላ ነገር የገነነ ሁለት ወንድማማቾች ይገኙበታል። ዊልበርና ኦርቪል ራይት በአሜሪካ አገር በዴይተን ከተማ ብስክሌት ሠርተው ይሸጡ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 የግራው ፔዳል በግራ ጥርስ የሚታሰርበትን ብስክሌት ለደንበኞቻቸው አስታወቁ። ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ ሞተር ያለውን አውሮፕላን አበረሩ። ታዲያ አውሮፕላን ያበረሩ ሰዎች የተጨነቁበትን ፔዳል እኛ ሳናስተውል በግድ ብናዞረው ቢበላ ምን ይደንቃል?

ክንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ የፔዳሉ ፔርኖ ግን ብረት ነው። ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው ለስላሳው ነው። የቀኙን ፔዳል በግራ ቀዳዳ ለመትከል የሞከረ፣ ወይም የላላውን ፔዳል «ይጥበቅ» ብሎ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ በኃይል የጠመዘዘ ሰው ጥርሱን በገዛ እጁ ይቆርጠዋል። ሳያጠብቅ የጋለበውም እንደዚያው ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በአብዛኛው ፔዳል ጫፍ ላይ ለግራው «ኤል»፣ ለቀኙ «አር» የሚሉ የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። አፈታቱን ለማስታወስ ደግሞ መፍቻውን ከፔዳሉ ወደ ላይ አቁመው ይሰኩት፤ የመፍቻውን ጫፍ ወደ ኋላው ጎማ ቢስቡት በሁለቱም ወገን ይላላል፣ ወደ ፊተኛው ጎማ ቢገፉት በሁለቱም ወገን ይጠብቃል።

ክንዱ የተያዘበት መንገድ

አሁን ወደ ተጣበቀው ክንድ እንመለስ። በብዙዎቹ ብስክሌቶች ላይ ክንዱ የሚያርፍበት የመሀል ፔርኖ ጫፉ አራት ማዕዘን ነው፤ ወደ ውጭ በሄደ መጠንም በጥቂቱ እየቀጠነ ይሄዳል። የክንዱም ቀዳዳ በዚያው ልክ አራት ማዕዘን ነው። ከውጭ በኩል አንድ ብሎን ይገባና ክንዱን ወደ ውስጥ እየገፋ በዚያ እንደ ሽብልቅ ባለ ጫፍ ላይ ያጣብቀዋል። ክንዱን በቦታው የሚይዘው ይህ መጣበቅ ነው። ስለዚህ ብሎኑ ከወጣ በኋላ እንኳ ክንዱ በእጅ ቢስቡት ንቅንቅ አይልም።

ማውጫው የተፈጠረውም ለዚህ ነው። በክንዱ አፍ ላይ ከብሎኑ ውጭ ሰፋ ያለ ሌላ ጥርስ አለ፤ ስፋቱ በአብዛኛው 22 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። የማውጫው አካል በዚህ ጥርስ ላይ ይታሰራል። ከዚያም በማውጫው መካከል ያለው ሌላ ብሎን ሲጠብቅ የፔርኖውን ጫፍ ይገፋል፤ ፔርኖው የትም ስለማይሄድ ክንዱ ወደ ውጭ ይወጣል። እንግዲህ የመጣበቁ ኃይል ሁሉ የሚያርፈው ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሱት በእነዚያ የአሉሚኒየም ጥርሶች ላይ ነው።

ጥርሶቹ ለምን ተበሉ? ከሦስቱ ምክንያቶች በአንዱ ነው። አንደኛው፣ ማውጫው እስከ መጨረሻው ሳይገባ በሁለትና በሦስት ጥርስ ብቻ ተንጠልጥሎ መጠምዘዙ ነው። ሁለተኛው፣ በጥርሶቹ መካከል ጭቃ መኖሩ ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ብሎኑ ሲወጣ ከሥሩ ያለችው ሮንዴላ በውስጥ ተረስታ መቅረቷ ነው። ሮንዴላዋ ከፔርኖው ጫፍ ሰፋ ስለምትል በክንዱ ላይም ታርፋለች። ማውጫው እርስዋን ሲገፋ ክንዱን በአንድ እጁ እየሳበ በሌላው እጁ ይገፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትግል መጨረሻው ጥርስ መበላት ብቻ ነው።

ከለስላሳው ወደ ከባዱ

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿም ተሰልፈው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ውድድር የጋላቢው ብስክሌት ቢሰናከል ሌላ ብስክሌት የጫነ መኪና ከኋላው ይደርስለታል። እርስዎን በዋጫ የሚከተልዎ መኪና የለም፤ ጋላቢውም መካኒኩም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የሚከተሉትን መንገዶች በተራ ይሞክሩ። አንዱ ሳይሞከር ወደ ሚቀጥለው አይለፉ፤ እያንዳንዱ ከበፊተኛው ይልቅ የሚያስከፍለው ይበዛልና።

መጀመሪያ ይጠቡ፣ ይመልከቱ። ሮንዴላዋ በውስጥ ቀርታ እንደ ሆነ ያውጧት። የክንዱን አፍ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጽድተው በባትሪ ብርሃን ይዩት። አንዳንድ ጊዜ የተበሉት የፊተኞቹ ጥርሶች ብቻ ናቸው፤ ከውስጥ በኩል ደህና የሆኑ ይቀራሉ። ማውጫውን ያለ መፍቻ፣ በጣትዎ ብቻ፣ እያስተካከሉ ያስገቡት። በቀጥታ ገብቶ ብዙ ዙር ከያዘ ተስፋ አለ። ካልያዘ አይጠምዝዙት።

ሁለተኛው ዘይትና ትዕግሥት ነው። በካፋ ዝናብ የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የካፋን ደን የሚያለመልመው ዝናብ፣ የብስክሌትዎን ፔርኖ ደግሞ ያዝገዋል። ክንዱና ፔርኖው በሚገናኙበት ቦታ ከውስጥም ከውጭም ቀጭን ዘይት ያንጠባጥቡና እስከ ማግስቱ ይተዉት። ማታ አንድ ጊዜ፣ ጧት አንድ ጊዜ ይድገሙት። ዘይት ሥራውን የሚሠራው ሰው ሲተኛ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ፔዳሉ ደህና ለሆነለት ሰው ነው። ብሎኑን መልሶ ያስገባና ሁለት ዙር ያህል ላላ አድርጎ ይተወዋል፤ ከዚያም በሜዳማና መኪና በማይበዛበት ቦታ ቀስ ብሎ ይጋልባል። የእግሩ ጫና ክንዱን እያነቃነቀ ያላቅቀዋል፤ ብሎኑም ክንዱ ጨርሶ እንዳይወድቅ ይጠብቀዋል። ክንዱ ሲነቃነቅ እንደ ተሰማው ወዲያው መውረድ አለበት፤ ከዚያ በላይ ቢጋልብ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይሰፋል። የእርስዎ የግራ ፔዳል ግን ጥርሱ ስለ ተበላ ይህ መንገድ ለእርስዎ ዝግ ነው።

አራተኛው የመኪና መካኒኮችን ማውጫ መጠቀም ነው። ይህ መሣሪያ ሁለት ወይም ሦስት እግሮች ያሉት ሲሆን፣ ከፔርኖ ላይ ኩሽኔታና ጥርሳ ጥርስ ለማውጣት የተሠራ ነው። መኪና፣ ሞተር ብስክሌት ወይም ባጃጅ ከሚጠግን ሰው ዘንድ ይጠይቁ። የዚህ መሣሪያ ጥቅሙ የተበላውን ጥርስ ፈጽሞ የማይፈልግ መሆኑ ነው፤ እግሮቹ ክንዱን ከጀርባው ይይዙታል፣ መካከለኛው ብሎን የፔርኖውን ጫፍ ይገፋል። የብስክሌቱ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ እንዳይበላሽ ከፔርኖው ጫፍ የማይሰፋ ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት በመካከል ያድርጉ። በቀኙ ወገን ከሆነም እግሮቹ ካቴናው የሚያልፍበትን ባለ ጥርስ ክብ ሳይሆን የክንዱን ወፍራም አካል ይያዙ፤ ያ ክብ በቀላሉ ይጣመማል።

ማውጫው በደንብ ከተወጠረ በኋላ ክንዱ እምቢ ካለ፣ ከመጨመር ይልቅ ጥቂት ይቈዩ። በክንዱ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው የፈላ ውሃ ቀስ እያሉ ያፍስሱበት፤ እጅዎን ግን ይጠብቁ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ በ70 ዲግሪ ቢጨምር በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ነው። ከአንዲት ጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ለተወጠረ ማውጫ ይበቃዋል። በዚህ ላይ ክንዱን በእንጨት ከጎኑ ቀለል አድርገው አንድ ሁለት ጊዜ መታ ያድርጉት። ብዙውን ጊዜ «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አይደንግጡ፤ የተሰበረ ነገር የለም፣ ክንዱ ለቀቀ ማለት ነው።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው ተረት ግን እዚህ አይሠራም። ክንዱን በእሳት አያግሉት፤ የኩሽኔታው ግራሶ ይቀልጣል፣ ቀለሙም ይቃጠላል። ከጀርባውም በመዶሻ አይምቱት፤ ምቱ የሚያልፈው ወደ ኩሽኔታው ኳሶች ነው፤ እነርሱም በተቀመጡበት ቦታ ላይ ጉድጓድ እየተዉ ያልፋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብስክሌቷ በረገጧት ቍጥር ታጕረመርማለች።

አምስተኛው ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ ነው። ባለሙያው የተበላውን አፍ አስፍቶ አዲስ ጥርስ ሊያወጣለት፣ ለእርሱም የሚሆን ማውጫ ሊቀርጽ ይችላል። ይህ ዋጋው ከፍ ስለሚል ክንዱ ውድ ወይም የማይገኝ ከሆነ ብቻ ይምረጡት።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ክንዱን መሠዋት ነው። የእርስዎ ክንድ የፔዳሉም የማውጫውም ጥርስ ስለ ጠፋ ከእንግዲህ የሚተርፍ ነገር የለውም፤ መዳን ያለበት ፔርኖው ነው። በብረት መጋዝ የክንዱን ራስ ከጫፉ በኩል ወደ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ አቅጣጫ ይሰንጥቁት። አሉሚኒየም ለመጋዝ አያስቸግርም። ነገር ግን ፔርኖው ዘንድ ሊደርስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር ያቁሙ፤ የሚበላውን ቅርፊት ቀለም ይከታተሉ። ከዚያ በስንጥቁ ውስጥ መሮ አግብተው በትንሽ መዶሻ ሲመቱት ስንጥቁ ይከፈትና ክንዱ መያዣውን ያጣል። መዶሻ በመጨረሻ ተራው ደረሰው፤ ያውም ለትንሽ ሥራ።

የአሮጌዎቹ ብስክሌቶች ሽብልቅ

ብስክሌትዎ ከቻይና ወይም ከህንድ የመጣች፣ ክንዷም ከብረት የተሠራ አሮጌ ብስክሌት ከሆነች ነገሩ ይለያል። በዚያ ዓይነት ላይ ክንዱን የሚይዘው ከጎን የሚገባ አንድ ሽብልቅ ነው፤ ቀጭኑ ጫፉ ጥርስ አለው፣ ዳዶም ይታሰርበታል። ሰዎች ዳዶውን ፈትተው ባዶውን ጥርስ በመዶሻ ሲመቱት ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይደፈጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዳዶም አይገባበት፣ ሽብልቁም አይወጣ።

ትክክለኛው መንገድ ዳዶውን ከሽብልቁ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ አላልቶ መተው ነው፤ ጥርሱን እንደ ጋሻ ይጠብቀዋል። ከክንዱ ሥር፣ በሽብልቁ ራስ ዙሪያ፣ የብረት ቱቦ አቁመው መሬት ያስረግጡት፤ የምቱ ኃይል ወደ ኩሽኔታው ሳይሆን ወደ መሬት እንዲሄድ ነው። ከዚያ አንድ ቀጥ ያለ ጠንካራ ምት ከአሥር ፈሪ ምቶች ይበልጣል። ጫፉ ቀድሞውኑ ተደፍጥጦ እንደ ሆነ በመጋዝ ከክንዱ ጋር እኩል አድርገው ይቍረጡት፤ መካከሉን በመሰርሰሪያ በስተው በቀጭን ብረት ወደ ውጭ ይምቱት። ሽብልቅ ርካሽ ነው፤ አይሳሱለት።

አዲሱን ክንድ ሲገጥሙ

አዲስ ክንድ ለመግዛት ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ጅማ ሲሄዱ አሮጌውን ተሰንጥቆም ቢሆን ይዘውት ይሂዱ። በጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር ተቀርጿል፤ 170 የሚለው የተለመደ ነው። ግራ ከሆነ ግራ መሆኑን፣ ቀዳዳውም አራት ማዕዘን መሆኑን ከሱቁ ሳይወጡ ያረጋግጡ፤ ለአንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ የመኪና አይከፈልም።

ሲገጥሙም ፔርኖውን አጽድተው ክንዱን ይሰኩትና ብሎኑን ከነሮንዴላዋ ያጥብቁ። የክንዱ ብሎን እንደ ፔዳሉ አይደለም፤ በግራም በቀኝም በሰዓት አቅጣጫ ይጠብቃል። መፍቻዎ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ካለው፣ በጫፉ ላይ የሚያስፈልገው ጫና 13 ወይም 14 ኪሎ ያህል ነው፤ ይኸውም ሁለት ሦስተኛው የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከዚህ በታች ቢሆን ክንዱ እየተነቃነቀ ቀዳዳውን ይበላል፤ እጅግ ቢበልጥ ደግሞ ይሰነጠቃል። ለፔዳሉ ጥርስ ጥቂት ግራሶ ይቀቡና የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት ብቻ ያስገቡት፤ በጣት ያልገባ ፔዳል በመፍቻም አይገባም። የመጀመሪያውን ቀን ከጋለቡ በኋላ ብሎኑን አንድ ጊዜ ደግመው ይፈትሹ።

እንግዲህ፣ ወዳጄ አንባቢ፣ ከዚያች ሰኞ ጧት ጀምሮ የሆነውን መለስ ብለው ይዩት። አንድ ሰው ፔዳሉን አቅጣጫውን ሳያይ ጠመዘዘ፤ አንድ ጥርስ ጠፋ። ክንዱን ለማውጣት ሮንዴላዋን ሳያይ ጠመዘዘ፤ ሌላ ጥርስ ጠፋ። በሁለቱም ጊዜ የጐደለው ኃይል አልነበረም፤ አንድ ደቂቃ ቆም ብሎ ማየት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ከአሉሚኒየም የተበላ ጥርስ ግን ለቅመው የሚመልሱት አይደለም። ከጎረቤት የተዋሱትን ማውጫ አጽድተው ሲመልሱም፣ ሮንዴላዋን እንዲያስተውል ለባለቤቱ ይንገሩት። ነገ የሚዋሰው ሌላ ሰው አይታጣምና።